ዋጋው የተቀነሰው ሞኒተር ለየትኛው ማሽን ነው?

ድሬዳዋ ውስጥ በኮምፒውተር ጥገና የሚተዳደር ሰው በየጊዜው ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች አንዱ ከጥገና ጋር ግንኙነት የለውም፤ «ታይዋን ገበያ ውስጥ አንድ የጌም ሞኒተር በቅናሽ አይቻለሁ፣ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሞኒተሩን ፎቶግራፍ፣ የቀድሞ ዋጋውንና የአሁን ዋጋውን በስልካቸው ይዘው ይመጣሉ፤ ከምን ጋር ሊያገናኙት እንዳሰቡ ግን እስክጠይቃቸው ድረስ አይነግሩኝም። እኔ ደግሞ ዋጋውን ከመስማቴ በፊት ማወቅ የምፈልገው ይህንኑ ነው። የጌም ሞኒተር የሚያሳየው ከጀርባው ያለው ማሽን የሚልክለትን ብቻ ስለሆነ፣ ማሽኑ የማይልከውን ምስል የትኛውም ቅናሽ ሊያመጣው አይችልም። ለወራት ገንዘብ አጠራቅመው የሚገዙ ወጣቶች ከካርቶኑ ላይ ያነበቡትን ቁጥር ቤታቸው ገብተው ሲያጡት ማየት ስለሚከብደኝ፣ ሱቅ ውስጥ ቆሜ በአጭሩ የምናገረውን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ላስቀምጠው።

የጌም ሞኒተርን ከተራ የቢሮ ሞኒተር የሚለየው ዋናው ነገር በአንድ ሰከንድ ውስጥ ምስሉን ስንት ጊዜ እንደሚያድስ የሚያመለክተው ቁጥር ነው፤ ሻጮቹም ተጫዋቾቹም በአጭሩ ኸርዝ ይሉታል። ተራው ሞኒተር 60 ኸርዝ ስለሆነ አንዱ ምስል በሌላው እስኪተካ ድረስ 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል። 144 ኸርዝ ላይ ይህ ጊዜ ወደ 6.9 ሚሊሰከንድ፣ 165 ላይ ወደ 6.1፣ 240 ላይ ደግሞ ወደ 4.2 ይወርዳል። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን የተመለከተ ሰው ወዲያው እንደሚረዳው፣ ከ60 ወደ 144 መውጣት 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲያተርፍ፣ ከ144 ወደ 240 መውጣት የሚያተርፈው ግን 3 ሚሊሰከንድ እንኳን አይሞላም። የመጀመሪያውን ለውጥ ማንም ሰው ማውሱን ዴስክቶፑ ላይ ሲያንቀሳቅስ ያየዋል፤ ጌም መክፈት እንኳን አያስፈልገውም። ሁለተኛውን ለማየት ብዙ የተጫወተ ዓይንና በሰከንድ 240 ፍሬም፣ ማለትም ምስል፣ ያለማቋረጥ የሚያመርት ኃይለኛ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። በዚህ ምክንያት አንድ ሱቅ 240 ኸርዙን በትልቅ ቅናሽ፣ 144ቱን ደግሞ ያለ ቅናሽ ቢያቀርብልኝ፣ ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ሁለተኛውን ነው።

አሁን ወደ ማሽኖቹ ልምጣ፤ ብዙው ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። ከተማችን ውስጥ በመኖሪያ ቤትም በጌም ቤትም በብዛት የማየው አሁንም ፕሌይስቴሽን 4 ነው፤ ይህ ማሽን ደግሞ በሰከንድ ከ60 ምስል በላይ አይልክም። 165 ኸርዝ ሞኒተር ገዝቶ ከፕሌይስቴሽን 4 ጋር ያገናኘ ሰው ከከፈለበት ኸርዝ ውስጥ 105ቱ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል ማለት ነው። ሰውዬው ግን ብዙ ጊዜ ልዩነት እንዳየ ይነግረኛል፣ ውሸቱንም አይደለም። ቀድሞ ይጫወትበት የነበረው ቴሌቪዥን ምስሉን ለማሳመር ሲል የሚያዘገየው ስለነበር፣ ሞኒተሩ ጆይስቲኩን ሲጫን ቶሎ መለሰለት። ሆኖም ይህን ጥቅም ማንኛውም ባለ 60 ኸርዝ ሞኒተር ይሰጠዋል፤ ቴሌቪዥኑ ራሱም ጌም ሞድ የሚባለው ማስተካከያ ካለውና ከተከፈተለት መዘግየቱ በእጅጉ ይቀንሳል፣ ይህ ደግሞ አንድ ብር አያስወጣም።

ፕሌይስቴሽን 5 ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ከወጣ ጀምሮ 120 ኸርዝን ይደግፋል፤ ይህን የሚጠቀሙበት ግን ለዚያ ተብለው የተዘጋጁ ጌሞች ብቻ ናቸው። 2560 በ1440 ነጥብ የሆነውን የምስል ጥራት ደግሞ ማሽኑ መላክ የጀመረው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 በመጣለት ማሻሻያ ነው፤ ከዚያ በፊት የተጻፈ ምክር አንብቦ «ፕሌይስቴሽን 1440 አይቀበልም» የሚል ሰው አሁንም ያጋጥመኛል። ማሽኑ ያለው የምስል መውጫ ኤችዲኤምአይ ብቻ ስለሆነ ዲስፕሌይ ፖርት የሚባለው ሌላው የሞኒተሩ የኬብል መግቢያ ለዚህ ገዢ ምንም አይጠቅመውም፣ ከ120 በላይ ያለው ኸርዝም እንዲሁ። ካርቶኑ ላይ የተለጠፈችው የፍሪሲንክ (የሞኒተሩን ኸርዝ ከጌሙ ፍሬም ጋር የሚያስማማው ሥርዓት) ምልክትም ብቻዋን ዋስትና አትሆነውም፤ ፕሌይስቴሽን 5 ኸርዙን ከጌሙ ፍሬም ጋር የሚያስማማው በኤችዲኤምአይ 2.1 ሥርዓት በኩል ብቻ በመሆኑ፣ ይህ የሌላቸው በርካታ ሞኒተሮች ፍሪሲንክ እያላቸው ከእሱ ጋር አይግባቡም።

ምስል የሚሠራለት ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ይዞ የሚመጣውን ተማሪ የማሳምነው በብዙ ድካም ነው። ላፕቶፑ ተማሪው የሚጫወተውን ጌም በ30 ወይም በ40 ፍሬም እየጎተተ ከሆነ 144 ኸርዝ ሞኒተር ያንኑ 30 እና 40 ፍሬም ያሳየዋል። ለሞኒተሩ ካሰበው ገንዘብ በጥቂቱ ሁለተኛ ራም ቢጨምር ይሻለዋል፤ እንዲህ ዓይነቱ ላፕቶፕ ግራፊክሱን የሚሠራው ከራሙ ተበድሮ ስለሆነ፣ በአንድ ራም ምትክ ሁለት ራም በትይዩ ሲሠሩለት ፍሬሙ ከፍ ይላል። ትልቅ ስክሪን የግድ ካስፈለገው ደግሞ ከዱባይ የሚገቡት ያገለገሉ ባለ 60 ኸርዝ የቢሮ ሞኒተሮች አሉለት፤ ከእነሱ ውስጥ አይፒኤስ የሚባለው የስክሪን ፓነል ያላቸው ቀለማቸው ያማረ ነው፣ መቆሚያቸውም ከፍና ዝቅ ይላል።

ስለዚህ የጌም ሞኒተር በእርግጥ የሚገባው ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ለያዘ ሰው ነው ማለት ይቻላል፤ እሱም ቢሆን የሚጫወተውን ጌም ማሰብ አለበት። ቫሎራንትን የመሰለ ቀላል ጌም መካከለኛ በሆነ ካርድ ከ144 ፍሬም ያልፋል። አዳዲሶቹ ሰፊ ዓለም ያላቸው ጌሞች ግን በዚያው ካርድ 60ን ካለፉ ትልቅ ነገር ነው። ጥራቱን ወደ 1440 ማሳደግም ራሱን የቻለ ሸክም አለው፤ 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን 2,073,600 ነጥቦች ሲኖሩት 2560 በ1440 የሆነው 3,686,400 አለው፣ ማለትም ካርዱ ለእያንዳንዱ ፍሬም 78 በመቶ ተጨማሪ ነጥብ መሥራት ይኖርበታል። አሮጌ ካርድ ይዞ ባለ 1440 ሞኒተር በቅናሽ ያገኘ ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ካርድ መቀየር ግድ ይሆንበታል፤ ያ ወጪ ደግሞ ሞኒተሩን ሲገዛ በሂሳቡ ውስጥ አልነበረም።

በመጠን በኩል ብዙ የምለው የለኝም። 24 ኢንች ለ1080፣ 27 ኢንች ለ1440 ይስማማል። 27 ኢንች ሆኖ 1080 ብቻ የሆነ ሞኒተር በአንድ ኢንች 82 ነጥብ ገደማ ብቻ ስለሚደርሰው፣ ከጠረጴዛ ርቀት ሲታይ ፊደሉ ሻካራ ይሆናል፤ 32 ኢንቹ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ሱቆች እነዚህን ትልልቆቹን ቶሎ ቶሎ በቅናሽ የሚያወጧቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ከኸርዙ ቀጥሎ የማጣራው የፓነሉን ዓይነት ነው፤ በዚህ ረገድ ድሬዳዋ ላይ የምንጫወትበት ሁኔታ በውጭ አገር ከሚሰጠው ምክር ለየት ያለ ነገር እንዳስብ ያደርገኛል። የውጭው ምክር የተጻፈው ብቻውን በር ዘግቶ፣ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ፣ ከስክሪኑ ፊት ለፊት ለሚቀመጥ ሰው ነው። እኛ ዘንድ ግን ማታ ግቢው ሲቀዘቅዝ ሁለት ሦስት ጓደኛሞች ፍራሽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ኳስ ይጫወታሉ፣ ሌሎች ተራ እየጠበቁ ከኋላ ያያሉ፣ ሞኒተሩም ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ሁሉም ከታች ወደ ላይ ነው የሚመለከቱት። ቲኤን የሚባለው ርካሽ ፓነል ከታች ሲታይ ይጠቁራል፣ ቀለሙም ይገለበጣል፤ ስለዚህ ፈጣን ነው ቢባልም ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት አይሆንም። የታጠፈው ሞኒተርም እንደዚሁ ነው። ካርቶኑ ላይ 1500አር ተብሎ የሚጻፈው የመታጠፊያው ራዲየስ 1500 ሚሊሜትር ወይም አንድ ሜትር ተኩል መሆኑን ያመለክታል፤ ስክሪኑ የታጠፈውም መካከል ላይ ለተቀመጠ ለአንድ ሰው ዓይን ታስቦ ነው። ከጎን የተቀመጠው ጓደኛ ቅርቡ ያለውን ጠርዝ አጥብቦ ያየዋል።

የሚቀሩት የፓነል ዓይነቶች አይፒኤስ እና ቪኤ ናቸው። አይፒኤስ ከየትኛውም ጎን ቢታይ ቀለሙን አይቀይርም፤ ጥቁሩ ግን ሙሉ ጥቁር አይደለም፣ የብርሃንና የጥቁር ልዩነቱም ብዙውን ጊዜ 1000 ለ1 አካባቢ ነው። ቪኤ 3000 ለ1 እና ከዚያም በላይ ስለሚደርስ ማታ መብራት ጠፍቶ ሲታይ ጥቁሩ ያምራል። ሆኖም ርካሾቹ ቪኤዎች ከጥቁር ወደ ግራጫ ሲለወጡ ስለሚዘገዩ ጨለማ ቦታ ላይ የሚሮጥ ነገር ጀርባው ላይ የጥላ ጭራ ያስከትላል። ቀን በሩ ተከፍቶ፣ የድሬዳዋ ብርሃን ቤቱን ሞልቶት ለሚጫወት ሰው የቪኤ ጥቁር ጥቅሙ አይታይም፤ ብርሃኑ ራሱ ያጠፋዋል። ሁለቱ በአንድ ዋጋ ከቀረቡልኝ አይፒኤሱን ነው የማነሣው።

የትኛው ፓነል እንደሆነ ከሻጩ ቃል ይልቅ ከሞዴል ቁጥሩ ማወቅ ይቀላል፤ የሞዴል ቁጥሩንም ፊደል በፊደል ማንበብ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ኤኦሲ 24ጂ2 የሚባለው ሞኒተር ቀጥ ያለ አይፒኤስ ሲሆን፣ ከፊቱ አንዲት ሲ የተጨመረችበት ሲ24ጂ2 ግን የታጠፈ ቪኤ ነው። ስማቸው ተቀራራቢ፣ ኩባንያቸውም አንድ ስለሆነ «ያው ነው» ተብለው ሲሸጡ መስማት የተለመደ ነው፤ ያው አይደሉም።

ካርቶኑ ላይ ከኸርዙ ጎን በትልቁ የሚጻፉ ሌሎች ነገሮችም አሉ፤ በእነሱ ምክንያት ተጨማሪ ብር መክፈል አያስፈልግም። የስክሪኑን ፍጥነት የሚናገረው 1 ሚሊሰከንድ የሚለው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚገኘው የጀርባ መብራቱን በፍጥነት እያበሩ እያጠፉ በሚሠራ ማስተካከያ ነው፤ ያ ማስተካከያ ሲከፈት ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ በአብዛኞቹ ሞኒተሮች ላይም ከፍሪሲንክ ጋር አብሮ አይሠራም። ኤችዲአር (ብሩህና ጨለማ ቦታዎችን ይበልጥ ለይቶ የሚያሳይ የምስል ዓይነት) የሚለው ጽሑፍም በርካሽ ሞኒተሮች ላይ የሚናገረው ሞኒተሩ ምልክቱን እንደሚቀበል ብቻ ነው። ቬሳ የተባለው የሞኒተር ደረጃ አውጪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ያወጣው ዝቅተኛው የኤችዲአር ደረጃ 400 ኒት ብርሃን ይጠይቃል፤ እሱም ቢሆን የስክሪኑን ክፍሎች ለየብቻ ማደብዘዝን አያስገድድም፣ ስለዚህ ዓይን የሚጠብቀውን ያህል ለውጥ አያመጣም።

ወደ ዋጋው ስንመለስ፣ ቅናሹ የተሰላው ከየትኛው ዋጋ ተነሥቶ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ ከውጭ የሚገባ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ዋጋም አብሮት ተሰቀለ። ከዚያ በኋላ የአንድን ሞኒተር የቀድሞ ዋጋ እንደ መለኪያ መውሰድ ትርጉሙን አጥቷል፤ የተሰረዘው ዋጋ በየትኛው ወር የነበረ እንደሆነ፣ ዕቃው የገባውም በየትኛው ምንዛሪ እንደሆነ ገዢው አያውቅም። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ያው ሞዴል ዛሬ ዱባይ ውስጥ በስንት ዲርሃም እንደሚሸጥ ማየት ነው። ዲርሃም ከዶላር ጋር በ3.6725 የተቆራኘ በመሆኑ ሂሳቡን መሥራት ቀላል ነው፤ በዚያ ላይ ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሲታሰብ የሚመጣው ድምር ሱቁ ከሚጠይቀው የሚበልጥ ከሆነ በእርግጥ ቅናሽ አለ። ዕድሜውም መታየት አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2019 144 ኸርዝ አይፒኤስ ውድ ነበር፣ ዛሬ ከጌም ሞኒተሮች ሁሉ መነሻው እሱ ሆኗል። የዚያን ዘመን ሞዴል በዚያን ዘመን ዋጋ ለክቶ ቀነስኩ የሚል ሻጭ የሚሸጠው በዛሬው ተገቢ ዋጋ ሊሆን ይችላል። የተመረተበት ወርና ዓመት በብዙዎቹ ላይ ከጀርባ ከሞዴል ቁጥሩ ጋር ተለጥፎ ይገኛል።

ዋጋው በእውነት የወረደበት ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ምክንያቱ ከታወቀና ከተቀበሉት ምንም ክፋት የለውም። ካርቶኑ ጠፍቶ ይሆናል፣ ለዕይታ ተሰክቶ የቆየ ይሆናል፣ መቆሚያው የለ ይሆናል። መቆሚያ ማጣት እኔን አያስፈራኝም፤ ሞኒተሩ ከጀርባው 75 በ75 ወይም 100 በ100 ሚሊሜትር ተራርቀው የተቀመጡ አራት ቀዳዳዎች ካሉት፣ ማንኛውም ጎበዝ ብረታ ብረት ሠራተኛ ባለ 4 ሚሊሜትር ብሎን የሚታሰር የግድግዳ ማንጠልጠያ ይሠራለታል። የጠፋው አዳፕተሩ ከሆነ ግን ጥንቃቄ ያሻል። አንዳንዱ ሞኒተር 12 ቮልት፣ ሌላው 19 ቮልት ስለሚፈልግ «ጫፉ ከገባ ይሠራል» ብሎ የሰካ ሰው ቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል፤ ከጀርባ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር አንብቦ ትክክለኛውን ካላገኘ መግዛት የለበትም።

በቅርቡ ከእህቴ ልጅ ጋር ታይዋን የሄድነው ለዕይታ ተሰክቶ የቆየ፣ ካርቶን የሌለው ባለ 24 ኢንች 165 ኸርዝ አይፒኤስ ለማየት ነበር። ልጁ ያገለገለ ቢሆንም ደህና ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ስላለው ሞኒተሩ ለማሽኑ የሚሆን መሆኑን አስቀድመን አረጋግጠናል። የሄድነው ጠዋት ነው፤ ከምሳ ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሱቆች ይዘጋሉ፣ ሊዘጋ የሚቸኩል ሻጭ ደግሞ ዕቃ ተረጋግቶ አያስፈትሽም። ሻጩ የማውቀው ወጣት ነው፤ «አቦ፣ ወላሂ ንጹሕ ዕቃ ነው፤ ሰካውና እየው» አለኝ። ሞኒተሩ የተቀመጠው የመንገዱ ፀሐይ በሚገባበት በሩ አጠገብ ስለነበር መጀመሪያ ወደ ውስጥ እንዲገባልን ጠየቅሁ፤ ፀሐይ ላይ የተበራ ስክሪን ጉድለቱን ይደብቃል።

የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹ ላይ ስስ አቧራ ተቀምጧል፤ በእርግጥም ቆሞ የኖረ እንጂ ተፈትቶ የተጠገነ እንዳልሆነ ከብሎኖቹ ጭንቅላት አለመቧጨር ይታያል። በፍላሽ የያዝኳቸውን ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ምስሎች አንድ በአንድ ሙሉ ስክሪን አድርገን ከፈትን። ነጩ ላይ ምንም አልታየም። ጥቁሩ ሲመጣ ግን ከታች በስተቀኝ፣ ከጠርዙ ሁለት ጣት ገባ ብሎ፣ ከአሸዋ ቅንጣት የማትበልጥ ቀይ ነጥብ በርታ ቆመች፤ የእህቴ ልጅ አቧራ መስላው በሸሚዙ ጫፍ ጠረጋት፣ አልጠፋችም። እያንዳንዱ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ሦስት ክፍሎች ስላሉት፣ የቀዩ ክፍል ብቻውን ክፍት ሆኖ ሲቀር ነጩ ላይ ይሰወራል፣ ጥቁሩ ላይ ይጋለጣል። በአንድ 1080 ስክሪን ላይ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ዓይነት ክፍሎች ስላሉ፣ አንዷ ብትበላሽ ብዙ አምራቾች ለዚያች ብቻ ብለው ሞኒተሩን አይቀይሩም። በግራ በኩል ታችኛው ማዕዘን ላይ ትንሽ ብርሃን ሾልኮ ይታይ ነበር፤ ይህ በአይፒኤስ የተለመደ ነው፣ ራሴን ወደ ጎን ሳንቀሳቅስም ስለደበዘዘ ስንጥቅ እንዳልሆነ አወቅሁ። በጉዞ ላይ የተጫነ ስክሪን ግን ሲጠፋ ደህና መስሎ፣ ሲበራ ቀጥ ያሉ መስመሮች ወይም እንደ ፈሰሰ ቀለም ያለ ጥቁር ቦታ ያሳያል፤ ሳይሰካ ሞኒተር መግዛት የሌለብን በዚህ ምክንያት ነው።

የመጨረሻው ፍተሻ የኸርዙ ነበር። በሱቁ ኮምፒውተር ኤችዲኤምአይ ሰክተን የሞኒተሩን ማውጫ ስንከፍት የሚያሳየው 60 ነው። ሻጩ ራሱ ግራ ገባው። ልጁ ከቤት ይዞት በመጣው የዲስፕሌይ ፖርት ኬብል ቀይረን፣ ዊንዶውስ ውስጥ ዲስፕሌይ ሴቲንግ፣ ከዚያም አድቫንስድ ዲስፕሌይ ገብተን ስንመርጥ 165 መጣ። ነጥቧን ለሻጩ ጣቴን አስጠግቼ አሳየሁት፤ እሱም ሳያንገራግር ከተቀነሰው ላይ ዳግመኛ ቀነሰልን፣ በደረሰኙም ላይ የሞዴልና የሴሪያል ቁጥሩን አስጻፍን። ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ዋጋው ጥቂት ሊወርድ ይችላል፤ ነገር ግን ነገ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት ዕቃ የት እንደተገዛ የሚያስረዳ ነገር አይኖርም።

ስለ ኬብሉ አንድ ነገር ልጨምር፤ በብዙ ርካሽ ሞኒተሮች ላይ ሙሉው ኸርዝ የሚገኘው በዲስፕሌይ ፖርት ብቻ ነው፣ ኤችዲኤምአዩ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው በታች ይቆማል። ከዲስፕሌይ ፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይሩ ርካሽ ኬብሎችም የሚሠሩት በአንድ አቅጣጫ ነው፤ ኮምፒውተሩ በኩል ዲስፕሌይ ፖርት፣ ሞኒተሩ በኩል ኤችዲኤምአይ ሲሆን ይሠራሉ፣ ተገልብጠው ሲሰኩ ግን ስክሪኑ ምልክት የለም ብሎ ይቀራል። ይህን ኬብል ገዝተው ሞኒተሩ ተበላሽቷል ብለው ወደ እኔ የሚያመጡ ሰዎች አሉ።

ከሐረር ወርደው የሚገዙ ደንበኞችም ስላሉኝ ስለ ጉዞው መናገር አለብኝ። በደንገጎ ጠመዝማዛ የሚወጣ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሞኒተር መጫን የለበትም፤ ካርቶን ቢኖረውም ገመዱ ሲጠብቅ ፓነሉን ይጫነዋል። ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ ስክሪኑ በኩል ምንም ሳይደገፍበት፣ በእጅ ተይዞ ቢሄድ ነው የሚሻለው፤ በባጃጅም ቢሆን እንዲሁ። ካርቶን ለሌለው ሞኒተር ስክሪኑን በንጹሕ ብርድ ልብስ ሸፍኖ ጠንካራ ጣውላ ወይም ወፍራም ካርቶን ከፊቱ ማሰር ይበቃል።

ቤት ከገባ በኋላ የድሬዳዋ ሙቀትና አቧራ ይጠብቁታል። ብዙ አምራቾች ሞኒተሮቻቸው ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ውስጥ እንዲሠሩ ይመክራሉ፤ በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ውስጡ ወደዚያ ወሰን ሊጠጋ ይችላል። ሞኒተሩን ከግድግዳው አራቅ አድርጎ ማስቀመጥና ሙቀቱ ሲበረታ ብርሃኑን መቀነስ ይረዳል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው የቮልት መዋዠቅ ከሙቀቱ የበለጠ ይጎዳዋል፤ መብራት ሲጠፋ ከሶኬቱ መንቀል፣ ቢቻል ደግሞ ስታብላይዘር መጠቀም ይገባል። ባለ 24 ኢንች ሞኒተር ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዋት ብቻ ስለሚወስድ ለኮምፒውተሩ የተገዛው ዩፒኤስ እሱንም ለመያዝ አይቸገርም። አቧራውን ደረቅና ለስላሳ ጨርቅ ያነሣዋል፤ የመስታወት ማጽጃ ፈሳሽ ግን የስክሪኑን ብርሃን የማያንጸባርቅ ሽፋን ስለሚያበላሸው አይነካው።

ከተሰካና 165ቱ ከተመረጠ በኋላ ፍሪሲንኩን በሞኒተሩ ማውጫም በግራፊክስ ካርዱ ፕሮግራምም ማብራት ያስፈልጋል። ካርዱ የኤንቪዲያ የሆነ ሰው ፍሪሲንክ የእኔ አይደለም ብሎ ማለፍ የለበትም፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ከአብዛኞቹ እንዲህ ዓይነት ሞኒተሮች ጋር በዲስፕሌይ ፖርት እንዲሠራ ከፍቶታል። ፍሬሙ በ80 እና በ130 መካከል ሲዋዥቅ ምስሉ ሳይቆራረጥ የሚቀጥለው በዚህ ምክንያት ነው፤ መካከለኛ ካርድ ላለው ሰው ከኸርዙ ቁጥር እኩል የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል። ኦቨርድራይቭ የሚባለውን የነጥቦቹን ፍጥነት ማስተካከያ ደግሞ መጨረሻው ድረስ መጫን አይገባም። በእህቴ ልጅ ሞኒተር ላይ መካከለኛው ደረጃ ጥሩ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከፍተኛው ላይ ሲደረግ ግን ጥቁር ጽሑፍ ወደ ላይና ወደ ታች ሲንሸራተት ነጭ ጥላ ስለሚከተለው ወደ መካከለኛው መልሰነዋል።